አባቴ ጎጀብን ያስቆመበት መንደር

የጎጀብ ወንዝ ወንድሜን አስራትን የወሰደው ሰኔ ገብቶ ዝናቡ በበረታበት ሰሞን ነው። አስራት ከቦንጋ ወደ ጅማ ቡና በሚያመላልስ የጭነት መኪና ላይ ረዳት ነበር። ወንዙ ዘንድ ሲደርሱ ሞተሩ ሞቀ። ሾፌሩ መኪናውን ዳር አስይዞ ኮፈኑን ሲከፍት፣ አስራት ለራዲያተሩ ውሃ ሊቀዳ ጄሪካን አንጠልጥሎ ወረደ። ሾፌሩ ቀና ብሎ ሲያይ ልጁ የቆመበት ዳር ተንዶ፣ ጄሪካኑ ብቻ በደፈረሰው ውሃ ላይ እየተንከባለለ ይሄድ ነበር። ጮኸ፣ ሮጠ፣ ሰው ጠራ። የአካባቢው ሰው ሁሉ ወንዙን ተከትሎ ቢሮጥም ከጄሪካኑ በቀር ያገኘው ነገር የለም።

ያኔ ኢሕአዴግ ከገባ ዓመታት አልፈው፣ ክልልና ዞን የሚለውን አጠራር አፋችን እየለመደው ነበር። እኔ ቦንጋ በአንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ፤ ጣቶቼ ፈጣን፣ ምላሴም ከጣቶቼ የማይተናነስ። አስራት ተከታዬ ነው። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው እንደሚባለው፣ እኔ ከወረቀት የማልለይ፣ እሱ ደግሞ ወረቀት ሲያይ እንቅልፉ የሚመጣበት ነበር። ትምህርቱን አቋርጦ መኪና ላይ ሲወጣ አባቴ ለብዙ ጊዜ አኮረፈው። የመምህር ልጅ ረዳት ሆነ ተብሎ እንዳይሳቅበት ፈርቶ ነው። ሰዉ ግን አልሳቀም፤ አስራትን የማይወድ ሰው ቦንጋ ውስጥ አልነበረም።

አባቴ ጋሽ ወልዴ ጂኦግራፊ ያስተምር ነበር። አያቱ ከሰሜን ከመጡት ወገን ናቸው። እሱ ቦንጋ ተወልዶ ቦንጋ አርጅቶ፣ ካፊኛው ግን ከሰላምታና ከገበያ ዋጋ አያልፍም። እናቴ የደካ ገጠር ሰው ናት። አማርኛዋ ለእድርና ለከተማ ነው፤ የልቧን የምታወራው በካፊኛ ነው። እኔና አስራት ከእሷ ጋር በካፊኛ ስንንሾካሾክ አባቴ «እኔን ማማት ጀመራችሁ» እያለ ይስቅ ነበር። ታዲያ ለእናቴ አባቴ የዓለም አዋቂ ነው። ዝናቡ ለምን እንደዘገየ፣ ፀሐይ ማታ የት እንደምትገባ፣ በሬዲዮ የሰማችው አገር የት እንዳለ፣ ሁሉንም እሱን ትጠይቃለች። እሱም ሳይሰለች ይመልስላታል።

አስራት ከወንዙ ሳይወጣ ቀናት አለፉ። የእድራችን ሰዎች ድንኳን ተሸክመው መጡ። እናቴ በር ላይ ቆማ መለሰቻቸው። አልጮኸችም፣ ፊቷንም አልነጨችም። አፈር ያልለበሰ ሰው አይለቀስለትም፣ ልጄ ገና መንገድ ላይ ነው አለቻቸው። ሽማግሌዎቹ ለመኗት፤ አባቴም ለመናት። ልብሱን ዘርግተን እናልቅስለት፣ ሌላም ቦታ ይደረጋል አሉ። እሷ ግን እንቢ አለች። ማታ ማታ የአስራትን እራት ለብቻው ከድና ታስቀምጣለች፤ ጠዋት ሳይነካ ሲገኝ እሷም ሳትቀምስ ትውላለች። ለቅሶ ያልተቀመጠበት ቤት ምን ብለው እንደሚገቡበት ግራ ስለገባቸው ጎረቤቶቻችን እግራቸው አጠረ።

አንድ ጠዋት ሳሎን ውስጥ ካርታው ፊት ቆማ አገኘኋት። አባቴ ለማስተማሪያ ብሎ በአቡጀዲ ላይ የሳለው የኢትዮጵያ ካርታ ነው፤ ወንዞቹን በሰማያዊ ቀለም አስምሯቸዋል። አባቴ ወደ ትምህርት ቤት ሊወጣ ኮቱን እየለበሰ ነበር።

«መምህር» አለችው፤ ሁልጊዜም እንዲህ ነው የምትጠራው። «ጎጀብ ወዴት ነው የሚሄደው?»

አባቴ መጥቶ በጣቱ አሳያት። ጎጀብ ከእኛ ወደ ምሥራቅ ይሄድና ኦሞ ውስጥ ይገባል፤ ኦሞ ደግሞ በቆላው ውስጥ እየተጠማዘዘ ወደ ደቡብ ይወርድና አገራችን ከኬንያ ጋር በምትዋሰንበት ቱርካና ሐይቅ ውስጥ ይገባል አላት። ክፍል ውስጥ እንደሚያስረዳው አድርጎ ነው የነገራት። ሌላ አነጋገር ስለማያውቅ ይመስለኛል።

«ሐይቁስ ወዴት ይሄዳል?»

«ሐይቁ የትም አይሄድም። መውጫ የለውም።»

እናቴ ጣቷን ሐይቁ ላይ አደረገች። ከዚያ ዞር ብላ፣ «እንግዲያው የገባ ሁሉ እዚያ ይገኛል ማለት ነው» አለችው። «ይሂዱና ልጄን ያምጡልኝ።»

አባቴ ኮቱን በአንድ እጁ እንዳጠለቀ ቀረ። ሐይቁ ሩቅ ነው አላት፤ መንገድ የለውም አላት፤ በመካከል ገደሉ፣ ድንጋዩ፣ ስንት ነገር አለ አላት። አዞ የሚለውን ቃል ግን ከአፉ ማውጣት አልቻለም። ለእናት እንዴት ይነገራል? እሷ ደግሞ የያዘችውን አልለቀቀችም። ውሃ የሚጠራቀምበት ቦታ አለ፣ ልጇም እዚያ አለ፤ አዋቂው መምህር ራሱ ነግሯታል። ክረምቱን ሙሉ ያንን ሐይቅ እያሰበች ከሳች። ጉንጯ ገባ፣ ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ አልረጋ አለ። አባቴ እናትሽንም ልቀብር ነው እያለ ለእኔ ይነግረኝ ነበር።

መስቀል አልፎ ወንዙ ሲጎድል ተነሳን። አባቴና እኔ፣ ሦስተኛ የአባቴ ጓደኛ ጋሽ ቆጭቶ። ጋሽ ቆጭቶ ጅማ ብዙ ዘመን በአናጢነት የሠሩ የቦንጋ ሰው ናቸው፤ ኦሮምኛ ስለሚችሉ ለወንዙ ማዶ አፋችን እሳቸው ነበሩ። እኔን የጨመረችኝ እናቴ ናት። የወንድሟን ነገር እሷ ታውቃለች አለች።

በጅማ በኩል ዞረን፣ ጎጀብ ወደ ቆላው ወደሚወርድበት አገር በመኪና ከሄድን በኋላ በእግር ቀጠልን። ሙቀቱ የቦንጋን ሰው የሚያቀልጥ ነው። ዝንቡ ይናደፋል፣ ሣሩ ከቁመት በላይ ነው። አባቴ መጀመሪያ ላይ እንደ ልማዱ ያስተምረን ነበር፤ ይህኛው ገባር ከየት እንደሚመጣ፣ ወንዙ ለምን እዚህ እንደጠበበ። ጋሽ ቆጭቶ «ጋሽ ወልዴ፣ ለእኛ የምስክር ወረቀት ልትሰጠን ነው እንዴ?» ብለው ሊያስቁት ሞከሩ። ፈገግ አለ። ከዚያ በኋላ ግን ማስተማሩን ተወ። በየደረስንበት ጎጆ ስለ ሰጠመ ሰው እንጠይቃለን፤ ወንዙ ሞልቶ ነበር፣ ምንም አላየንም ይሉናል።

በመጨረሻ አንዲት ትንሽ መንደር ደረስን። ወንዙ እዚያ ጋ ሰፋ ብሎ ጉልበቱን ያጣል፤ ከላይ የነቀለውን ግንድና ቅርንጫፍ የሚያራግፈው በዚያች መንደር ግርጌ ነው። የመንደሩ ሽማግሌ አባ ዲጋ ይባላሉ። የመጣንበትን ሲሰሙ አስቀመጡን፣ ወተት አስመጡልን፣ ጠጥተን እስክንጨርስ ጠበቁ። ከዚያ ተናገሩ፤ ጋሽ ቆጭቶ ተረጎሙልን።

ክረምት በመጣ ቁጥር ወንዙ ሰው ያመጣባቸዋል። ያመጣውን አጥበው፣ ውሃ በማይደርስበት ከፍታ ላይ ይቀብሩታል። በላዩ ላይ የተገኘውን ደግሞ ወገኑ እስኪመጣ ያስቀምጡለታል። ወገን የመጣ እንደሆነ ስሙንና አገሩን ይናገራል፤ ሽማግሌው በቃላቸው ይይዙታል። ሌላ ፈላጊ ከመጣ ይህ የእገሌ ልጅ ነው፣ ያንተ አይደለም ብለው እንዲመልሱት ነው። ዘንድሮም አንድ ወጣት ወንድ ቀብረዋል። ፊቱ የሚለይ አልነበረም አሉ።

አባ ዲጋ ጎጆአቸው ገብተው አንድ የቆዳ ቀበቶ ይዘው ወጡና ለአባቴ ሰጡት።

«እየው» አሉት። «ያንተ ከሆነ ውሰደው። ካልሆነ እዚሁ ይቆይ፤ የሌላ ሰው እናት ትመጣለች።»

አባቴ ቀበቶውን አገላበጠ። ዘለበቱን ነካ፣ ቀዳዳዎቹን በአውራ ጣቱ ዳበሰ። ከዚያ እኔን ሳይሆን ወንዙን አየ፤ ወደሚሄድበት ወደ ታች። ኦሞ ከዚህ ምን ያህል ይርቃል ብሎ ጠየቀ።

አባ ዲጋ ከዚህ በታች ሰው የለም አሉ። ገደልና ዱር ነው። ውሃው እኛን ካለፈ የሚያነሳው የለም፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን ውሃው ራሱ ነው የሚያውቀው።

አባቴ ቀበቶውን በእጁ ጠቀለለ። «የልጄ ነው» አለ።

እኔ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ከሐዘኑ እፎይታው ይበልጥ እንደነበር አልደብቃችሁም። አባ ዲጋ የሟቹን ስም ጠየቁ። አባቴ አስራት ወልዴ፣ ከቦንጋ አለ፤ ድምፁ ዝቅ ስላለ ሽማግሌው ደግሞ እንዲነግራቸው ለመኑት። እሳቸውም ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ አጠኑት። መቃብሩን አሳዩን፤ ዙሪያው በድንጋይ የታጠረ፣ ንጹሕ ቦታ ነው። አባቴ ከአፈሩ ቆንጥሮ በመሐረብ ቋጠረ። በመንገድ ላይ አስራት ይህን ቀበቶ መቼ ገዛው ብዬ ጠየቅኩት። ጅማ ሳይገዛ አይቀርም፣ ረዳት ሰው ስንት ነገር ይገዛል አለኝ። እኔም አመንኩት።

እናቴ ቀበቶውን ስትቀበል መጀመሪያ አሸተተችው። «አፈር አልብሰውታል?» አለች። አልብሰውታል አልናት፤ የአፈሩን ቋጠሮ ሰጠናት። ያኔ ከወራት በኋላ ድምፅ አውጥታ ጮኸች። ድንኳኑ ተተከለ። ቦንጋ እንዳለ መጣ፤ ከደካ ዘመዶቿ መጡ፤ ሾፌሮች መኪናቸውን አቁመው መጡ። ስሙን እየጠሩ፣ ደግነቱን እየቆጠሩ አለቀሱለት። ካህናቱ ፍትሐት አደረሱለት። በማግስቱ እናቴ እህል ቀመሰች። ሳምንት ሳይቆይ ጎረቤት ሄዳ ለቅሶ ደረሰች፣ ትንሽ ቆይታም ስትስቅ ሰማኋት። ቀበቶውን ትራሷ ሥር አድርጋ ትተኛለች። አባቴ የተሳካለት መስሎት ነበር፤ እውነቴን ነው፣ ተሳክቶለትም ነበር።

የቡና ለቀማው ሲጋመስ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ አንዲት ሴት በራችን ላይ ቆመች። እግሯ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነው። በካፊኛ የመምህሩ ቤት ይህ ነው ወይ ብላ ጠየቀች። እናቴ የአገሯን ቋንቋ ስትሰማ ደስ ብሏት አስገባቻት። አባቴም ተነስቶ በሚያውቃት ጥቂት ካፊኛ ሰላምታ ሰጣትና ከፊት ለፊቷ ተቀመጠ።

ሴትዮዋ ከሺሺንዳ ማዶ ካለ ገጠር እንደመጣች ተናገረች። ባሏ የሞተባት ናት። አንድ ልጇ ከጅማ በኩል ከብት ሲያሻግር ጎጀብ ወስዶባታል፤ ያውም በዚሁ ባለፈው ክረምት። አስተርጓሚ ይዛ ፍለጋ ወጥታ ከአንድ ሽማግሌ ዘንድ ደረሰች። ሽማግሌው አንድ ልጅ ቀብረን ነበር፣ ግን አባቱ ከቦንጋ መጥቶ አውቆታል፣ አስራት ይባላል አሏት። ተስፋ ቆርጣ ልትመለስ ስትነሳ፣ ምን ለብሶ ነበር ብላ ጠየቀቻቸው። እሳቸውም ቀበቶውን ነገሯት።

ይህን ሁሉ የምትናገረው በካፊኛ ነው። እኔ የእናቴን ፊት አያለሁ። አመድ ሲመስል አያለሁ። አባቴ ደግሞ ሴትዮዋ ስትናገር በጨዋ ደንብ ፈገግ ብሎ ራሱን ይነቀንቃል፤ ከምትለው ውስጥ ምናልባት የአገሯን ስም ብቻ ነው የለየው። በሕይወቴ ካየሁት ሁሉ የዚያን ፈገግታ ያህል ያሳዘነኝ የለም። ዕድሜውን ሙሉ የኖረበት አገር ቋንቋ ስለ እሱ እየመሰከረ፣ እሱ እንግዳ ያስተናግዳል።

ቀበቶው የሟች ባሌ ነበር አለች ሴትዮዋ። ልጄ ቀጭን ስለሆነ ሰፋው፤ ምስማር አግዬ ወደ ዘለበቱ ጠጋ አድርጌ አንድ ቀዳዳ የጨመርኩት እኔ ነኝ።

እናቴ ተነስታ ጓዳ ገባች። ቀበቶውን ይዛ ስትወጣ የአባቴ ፈገግታ እንደነበረ ደረቀ። ሴትዮዋ ተቀበለችው፤ አላለቀሰችም። ቀዳዳውን ፈልጋ ጣቷን ከተተችበትና ዓይኗን ጨፈነች። የተቃጠለው ጠርዝ ከሌሎቹ ቀዳዳዎች ተለይቶ ጠቁሯል።

እናቴ ወደ አባቴ ዞረች። በአማርኛ፣ በቀስታ፣ «መምህር፣ ያውቁ ነበር?» አለችው።

አባቴ ተነስቶ ወደ ጓሮ ወጣ። ተከተልኩት። ኮባው ሥር ቆሞ ጀርባውን ሰጥቶኛል። ሳልጠይቀው ነገረኝ።

«የእሱ እንዳልሆነ ስይዘው አወቅኩት። የዱሮ ወታደር ቀበቶ ነው፣ አስራት ከየት ያመጣዋል? ግን ሽማግሌው ከዚህ በታች ሰው የለም አሉኝ። ከዚያ በኋላ ኦሞ ነው፤ ከኦሞ በኋላ ሐይቁ ነው። እናትሽ ሐይቁን እያሰበች ስትሞት ቆሜ ልይ? ወንዙን እዚያ ላይ ላስቁምላት አልኩ።»

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚለውን ተማሪዎቹን ሲገሥጽ ስንት ጊዜ ከአፉ ሰምቼዋለሁ። የዚያን ቀን ግን ለእሱ የሚሆን ተረት በአፌ አልመጣም። እጁን ይዤ ቆምኩ።

ስንመለስ ሁለቱ ሴቶች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። እናቴ ትነግራታለች፤ ድንኳኑ እንዴት እንደሞላ፣ ማን ማን እንደመጣ፣ ለሴትዮዋ ልጅ ስንት ሰው እንዳለቀሰለት። ሴትዮዋ በመጨረሻ የእናቴን ጉልበት ይዛ፣ «አንቺ የኔን አልቅሰሽልኛል፤ እኔ ደግሞ ያንቺን ላልቅስልሽ» አለቻት። ለቅሶ ብድር ነው፤ በእኛ አገር ይህንን የማያውቅ የለም። እናቴም ለሌላ ሰው ልጅ የፈሰሰውን እንባ መልሳ ከቦንጋ ሰው መጠየቅ አትችልም ነበር። እድር ለአንድ ስም ሁለት ጊዜ ድንኳን አይተክልም።

እናም ወደ ሴትዮዋ ገጠር ሄድን። ከመነሳታችን በፊት ሴትዮዋ አባቴንም አብሮን እንዲመጣ በስሙ ጠርታ ለመነችው፤ እኔ ተረጎምኩለት። ቤት የሚጠብቅ ሰው ያስፈልጋል አለ። እግሬንም ያመኛል አለ። በር ላይ «አባዬ፣ ና እንጂ» አልኩት። ራሱን በእንቢታ ነቀነቀ። አልደገምኩለትም፤ መንገዱ ሩቅ ነበር፣ መኪናውም ይጠብቀናል።

በዚያ መንደር ሜዳ ላይ አስራትን የማያውቁት ሰዎች አለቀሱለት። ሁለት ስም እያፈራረቁ ጠሩ፤ ያንን ልጅና የእኛን። እናቴ መሐል ቆማ ስለ ልጇ በካፊኛ ተናገረች፤ እንዴት ይስቅ እንደነበር፣ ከጅማ ሲመጣ ምን ይዞላት ይመጣ እንደነበር፣ ለማያውቀው ሰው ጭነት ይሸከም እንደነበር። በእጇ አፈርም ቀበቶም አልያዘችም። ልጇ የትም እንዳልተቀበረ እያወቀች አለቀሰችለት። እንደማትችል እርግጠኞች ሆነን አባቴም እኔም የፈራንላትን ነገር፣ እሷ ቆማ አደረገችው።

ይህን ለምታነቡ ልንገራችሁ፤ ታሪኩን የነገርኳቸው ሰዎች አብዛኞቹ አባትሽ ደግ ሰው ነበር ይሉኛል። ደግ ነበር። ሚስቱን ከሞት ለመመለስ ብሎ ያደረገው ነው፤ እናንተም ብትሆኑ ልታደርጉት ትችላላችሁ። የእኔ ጸጸት ግን ሌላ ነው። የሰው ልብ የሚችለውን አስቀድመን በመገመት ስንት ሰው እንጎዳለን? ያቺ ሴት ከሽማግሌው ደጅ ባዶ እጇን ከመመለስ ለጥቂት ነው የተረፈችው። እናቴም ከዚያ በኋላ ከአባቴ ጋር ዕድሜዋን ኖረች፤ አበሰለችለት፣ ሲታመም አስታመመችው። ዝናቡ ለምን እንደዘገየ ግን አንድም ቀን ጠይቃው አታውቅም። እሱም ካርታውን ከግድግዳው አውርዶ ለትምህርት ቤቱ ሰጠው። እኔን በተለይ የሚቆጨኝ ያ በር ላይ የቆምንበት ጊዜ ነው፤ እጁን ጎትቼ መኪናው ላይ ብጭነው ኖሮ እላለሁ።

ከገጠር በተመለስንበት ቀን አባቴ ደጅ ወጥቶ ቆሞ ነበር የጠበቀን። የእናቴን ጥቅል ተቀበላት። ዓይኗን ሳያይ፣ «ተለቀሰ?» አላት።

«ተለቀሰ» አለችው እናቴ። «ልጄ በደንብ ተለቀሰለት። የጎደሉት እርስዎ ብቻ ነበሩ።»